ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

«እገሌ እኮ ፌሎኒ አለበት!»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየቀዘቀዘ፣ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ቤት ሻይ እየተቀዳ፣ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ሲጠበቅ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምትነገር ናት። አነጋገራችንን ልብ ብላችሁታል? «ስኳር አለበት»፣ «ደም ብዛት አለበት» እንደምንለው «ፌሎኒ አለበት» እንላለን። በሽታ አደረግነው እኮ! ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «እኔን ያሳዘነችኝ እናቱ ናት» ይላል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ይሻገራል። ልጁ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሚዜነት አይጠራም፣ ለሥራ አይጠቆምም፣ ሴት ልጅ ያላቸው ሰዎች ሰላምታውን ያሳጥሩበታል።

የሚገርመው ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ነው። ምን አድርጎ? የትኛው ስቴት ውስጥ? ስንተኛ ክላስ? ከስንት እስከ ስንት የሚያስቀጣ? ለመሆኑ ተፈርዶበት ነው ወይስ ገና ክስ ላይ ነው? ዝም! እኛም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። ከንፈር ከመጠጡት መካከል ነበርን፣ አሁንም አንዳንዴ ያመልጠናል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ዱላው ለኛም ይደርሰናል።

የምንለው ነገር አጭር ነው። «ፌሎኒ» የሚለው ስም ስለ ሰውየው ክፋት የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው። ሰው የሚያስረው፣ ከአገር የሚያስባርረው፣ ቤተሰብ የሚበትነው ስሙ ሳይሆን ከስሙ ጀርባ ያለው ቁጥር ነው። እኛ ደግሞ ስሙን ስንፈራ ቁጥሩን ሳንጠይቅ እንፈርማለን። በዚህ ጠባያችን ልጆች እያጣን ነው።

አንድ ስልክ፣ አንድ ወንዝ

አንድ ልጅ እናስብ። የፈጠራ ልጅ ነው፣ የማንም ጎረቤት አይደለም፤ ማንንም እንዳትጠረጥሩ። ዕድሜው 22 ነው፣ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። አንድ ቀን ሰይጣን አሳሳተው እንበልና ከአንድ መደብር 1,200 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ተያዘ።

መደብሩ ያለው ሜሪላንድ ከሆነ ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ከ2017 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ስርቆት ፌሎኒ የሚሆነው ዕቃው 1,500 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲያወጣ ነው። የኛ ልጅ ስልክ ከዚያ በታች ስለሆነ ጉዳዩ ሚስዲሚነር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከፍተኛው ቅጣት 6 ወር እስራትና 500 ዶላር ነው።

አሁን ድልድዩን ተሻግረን ፖቶማክን እንለፍ። ወንዙ ያው፣ ስልኩ ያው፣ ልጁ ያው። ቨርጂኒያ ውስጥ መስመሩ 1,000 ዶላር ስለሆነ ልጁ የሚከሰሰው «ግራንድ ላርሲኒ» በሚባል ፌሎኒ ነው። ቅጣቱ? ከ1 ዓመት እስከ 20 ዓመት! (እርግጥ ዳኛው ከፈለጉ እስከ 12 ወር የካውንቲ እስር ወይም እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ብቻ የሚሰጡበት በርም አለ።) በሁለቱ መሀል ያለችው ዲሲ ደግሞ 1,000 ዶላር የደረሰ ስርቆትን እስከ 10 ዓመት ትቀጣለች። ቴክሳስ ብንሄድ ያው ስልክ ሚስዲሚነር ይሆናል፤ እዚያ ፌሎኒ የሚጀምረው ከ2,500 ዶላር ነው። ኒው ጀርሲ ጭራሽ «ፌሎኒ» የሚለውን ቃል አይጠቀምም፤ ወንጀሎቹን በአራት ደረጃ ይጠራል እንጂ።

እስቲ ንገሩን፤ ልጁ በየድልድዩ ላይ እየከፋ ነው የሚሄደው? ሜሪላንድ ላይ «ልጅነት ነው»፣ ቨርጂኒያ ላይ «ወንጀለኛ» ልንለው ነው? ለቅሶ ቤት የምናወራው ወሬ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

መሰላሉ

ወላጆቻችንን መረዳት ይቻላል። ያደጉበት አገር ዋናው የወንጀል ሕግ አንድ ነው። ከሞያሌ እስከ መቀሌ ያው መጽሐፍ ነው የሚገለጠው። በ2004ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እስራት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት። ቀላሉ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑው ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ ሕጉ በግልጽ ሲፈቅድም ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ «ፌሎኒ» ሲባሉ «ጽኑ» ብለው ይተረጉሙታል፣ «ሚስዲሚነር» ሲባሉ «ቀላል» ብለው ይተነፍሳሉ። ትርጉሙ ያስኬዳል፤ ግን እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ብቻ ነው። እዚህ አገር 50 ስቴት አለ፣ 50 የወንጀል ሕግ አለ፣ በላዩ ላይ የፌደራሉ አለ።

አብዛኞቻችን ያለንበትን የቨርጂኒያን መሰላል እንውሰድ። ስድስት ደረጃ አለው። ቁጥሩ ሲያንስ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል አትቁጠሩት።

ክላስ 1 ዕድሜ ልክ ነው። እስከ 2021 ድረስ ሞትም ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ቨርጂኒያ የሞት ቅጣትን ሰረዘች። ክላስ 2 ከ20 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ። ክላስ 3 ከ5 እስከ 20። ክላስ 4 ከ2 እስከ 10። ክላስ 5 ከ1 እስከ 10። ክላስ 6 ከ1 እስከ 5 ዓመት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ የጎን በር አላቸው፤ ጉዳዩን የሚወስነው አካል ከፈቀደ ወደ ስቴት ወህኒ ሳይላክ እስከ 12 ወር የካውንቲ እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊበቃ ይችላል። ከፌሎኒ በታች ሚስዲሚነር አለ፤ እሱም አራት ክላስ ነው። ክላስ 1 ሚስዲሚነር እስከ 12 ወር ያሳስራል፣ ክላስ 2 እስከ 6 ወር፣ ሁለቱ የታችኞቹ በገንዘብ ብቻ ያልፋሉ።

ክላስ አጥር ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። ዳኛው በአጥሩ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ የፈረዱትን በከፊል ወይም በሙሉ በገደብ ሊያደርጉት ይችላሉ። ነገር ግን ከጥር 1 ቀን 1995 ወዲህ በተፈጸመ ፌሎኒ አመክሮ የሚባል ነገር ቨርጂኒያ ውስጥ የለም። ስለዚህ «አምስት ዓመት ቢሉትም በሁለት ዓመት ይወጣል» የምትሉ የሰፈር ጠበቆች፣ እባካችሁ ምክራችሁን ያዙት።

መሰላሉ የሚያታልልባቸው ቦታዎች

እስከዚህ ድረስ «ይኼማ ግልጽ ነው፣ ቁጥሩን ሸምድዶ መቀመጥ ነው» ያላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን።

አንደኛ፣ መሰላሉ ላይ የሌሉ ፌሎኒዎች አሉ። ከላይ ያየነው ግራንድ ላርሲኒ ክላስ የለውም። ስድስቱም ደረጃ ውስጥ አታገኙትም፤ የራሱን ቅጣት ይዞ ለብቻው የቆመ ነው። እሱም ቢሆን በ1,000 ዶላር ብቻ አይለካም። ዕቃው ከሰው ላይ፣ ለምሳሌ ከእጁ ወይም ከኪሱ፣ የተወሰደ ከሆነ 5 ዶላር ይበቃል። አዎ፣ አምስት! የሰው ክሬዲት ካርድ መስረቅ ደግሞ አንድ ሳንቲም ባይወጣበትም የሚቀጣው በዚሁ በግራንድ ላርሲኒ ነው።

ሁለተኛ፣ ደረጃውን የሚወስነው የደረሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ቢያቆስል፣ ሕጉ «በክፋት ነው» ካለው ክላስ 3 ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። «በክፋት አይደለም» ከተባለ ደግሞ ክላስ 6 ነው፤ በጎን በሩ በኩል በወራት ሊያልቅ የሚችል። ቁስሉ አንድ፣ ስፌቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ልብ ውስጥ ነው፤ ልብን የሚያነበው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ያውም ከፖሊስ ወረቀት ላይ።

ሦስተኛ፣ ስሙ ራሱ ይዋሻል። ሜሪላንድ ክላስ የሚባል መሰላል የላትም፤ እያንዳንዱ አንቀጽ የራሱን ቅጣት ይናገራል። እዚያ «ሁለተኛ ደረጃ አሶልት» የሚባለው ወንጀል ሚስዲሚነር ነው፤ ቅጣቱ ግን እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። አሥር ዓመት የሚያሳስር «ቀላል ወንጀል»! አንዲት እናት «ሚስዲሚነር ነው አሉኝ፣ ተመስገን» ብላ እንቅልፏን ስትተኛ ልጇ የቆመበት አጥር ከቨርጂኒያ ክላስ 6 ፌሎኒ በእጥፍ የሰፋ ነው።

አራተኛ፣ ብዙዎቻችን ከመሪ ጀርባ ነን የምንውለው፤ ታክሲ፣ ኡበር፣ ዴሊቨሪ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ማለፍ የትራፊክ ቲኬት ብቻ አይደለም። «ሬክለስ ድራይቪንግ» ነው፤ ክላስ 1 ሚስዲሚነር፣ እስከ 12 ወር። ጠጥቶ መንዳት በ10 ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ክላስ 6 ፌሎኒ ነው። «ሁለት ቢራ እኮ ነው» የምትሉ፣ ሦስተኛዋ ላይ ቁጥሩ ይለወጣል።

መስመሩን ማን አሰመረው?

መስመሩ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ታሪክ እንንገረው። ቨርጂኒያ በ1980 የግራንድ ላርሲኒን መስመር 200 ዶላር ላይ አደረገች። ከዚያ 38 ዓመት አልነካችውም! በነዚህ ዓመታት የሁሉም ነገር ዋጋ ሲወጣ ኖረ፤ የ1980ው 200 ዶላር በ2018 የ600 ዶላር ያህል አቅም ነበረው። የሰው ጠባይ ሳይለወጥ ዋጋው ስለጨመረ ብቻ በየዓመቱ ብዙ ጃኬትና ብዙ ጫማ ከሚስዲሚነር ወደ ፌሎኒ ተሻገረ። በ2018 መስመሩ ወደ 500 ከፍ አለ፣ በ2020 ወደ 1,000። በ2017 የ300 ዶላር ጃኬት የወሰደ ፌለን ነው። በ2021 የ300 ዶላር ጃኬት የወሰደ አይደለም። መስመሩ ሲቀየር የድሮው ሰው መዝገብ አብሮት አልተቀየረም።

ታዲያ «ፌሎኒ አለበት» ስንል የምንናገረው ስለ ሰውየው ነው ወይስ የሪችመንድ ምክር ቤት መስመሩን ስላነሣበት ዓመት?

ውጤቱ ደግሞ ከእስር ቤት ግድግዳ ውጭ ይዘልቃል። ዜጋ የሆኑትን እንኳ ተመልከቱ። ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ በፌሎኒ ታስሮ የተፈታ ሰው ከወህኒ እንደወጣ እንዲመርጥ ፈቀደች። ወንዙን ስትሻገሩ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በፌሎኒ የተፈረደበት ሰው ድምፅ በአገረ ገዥው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። በዚያው በ2016 አገረ ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ ከ200,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ትእዛዝ ቢመልሱ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በጅምላ አይቻልም፣ አንድ በአንድ» ብሎ ሻረው።

ፌደራሉ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ዜግነት ላልያዘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከስቴቱ ፍርድ በኋላ ሌላ አንባቢ አለ፤ የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ። ይህ ሕግ የስቴቱን ስም አያከብርም። ቁጥሩን ነው የሚያነበው።

አንዱ ደንብ እንዲህ ይላል። ሰውየው በሕጋዊ መንገድ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ «ከሥነ ምግባር ጋር የሚጋጭ» የሚባል ወንጀል ከፈጸመ፣ ያም ወንጀል አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈርድ የሚችል ከሆነ፣ ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መደብ ይቆጠራል። «ሊያስፈርድ የሚችል» ነው የሚለው ሕጉ። የተፈረደበትን አላለም።

የፈጠራ ልጃችንን አስታወሳችሁት? ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠበቃው ጎበዝ ሆነና ክሱን ከግራንድ ላርሲኒ ወደ ክላስ 1 ሚስዲሚነር አስወረደለት። ቤተሰቡ እልል አለ፣ ስለት ገባ። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ግን እስከ 12 ወር ያስፈርዳል፤ 12 ወር ደግሞ አንድ ዓመት ነው! ሜሪላንድ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 6 ወር ስለሆነ ይህ ደንብ አይነካውም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳይታሰር፣ «ፌሎኒ» የሚል ቃል መዝገቡ ላይ ሳይኖር፣ በአንድ ድልድይ ምክንያት ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛው ደንብ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ይባላል። በ1988 ሲፈጠር የነበሩበት ነፍስ ግድያ፣ የአደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ንግድ ነበሩ። ኮንግረስ እያሰፋው መጣ፤ በ1996 ለስርቆትና ለኃይል ድርጊቶች መለኪያውን የ1 ዓመት ፍርድ አደረገው። ስሙ «የከበደ ፌሎኒ» ይበል እንጂ በስቴቱ ዘንድ ፌሎኒ መሆን የለበትም፣ ከባድ መሆንም የለበትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በገደብ የተሰጠ ፍርድ እንደታሰረ መቆጠሩ ነው። ዳኛው «12 ወር፣ ሁሉም በገደብ» ሲሉ ልጁ ከፍርድ ቤት በእግሩ ወጥቶ እናቱን ያቅፋል፤ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ግን «አንድ ዓመት» ብሎ ይጽፋል። ከ1990 መጨረሻ ወዲህ በዚህ መደብ የተፈረደበት ሰው ዜግነት የማግኘት በሩም ለዘለዓለም ይዘጋል።

(እዚህ ላይ ለሕግ ተማሪዎች፤ እያንዳንዱ የስቴት አንቀጽ ከፌደራሉ ትርጉም ጋር ቃል በቃል ይመዘናል። ለምሳሌ በ2014 ቨርጂኒያን የሚዳኘው አራተኛው የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያው ላርሲኒ ማታለልንም ስለሚያጠቃልል ከፌደራሉ «ስርቆት» ይሰፋል ብሎ ለአንድ ተከሳሽ ፈርዷል። ጥሩ ጠበቃ እንዲህ ባለች ቀዳዳ ሰው ያወጣል። ቀዳዳዋን ለማግኘት ግን መፈለግ አለበት።)

ይህን ያወቁ ስቴቶች ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ስቴት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 የሚስዲሚነርን ጣሪያ ከ365 ቀን ወደ 364 አወረዱት። አንድ ቀን ቀነሱ፣ በቃ። ሲያትል ያለው ወገናችን በዚያች አንድ ቀን ተጠልሏል።

«ፈርምና ውጣ»

አሁን ወደ ራሳችን። ፍርድ ቤት የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ አንድ እውነት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የአብዛኛው የወንጀል ክስ መጨረሻ ችሎት ሳይሆን ድርድር ነው። ዐቃቤ ሕግ ወረቀት ያቀርባል፣ ተከሳሽ ጥፋቱን አምኖ ይፈርማል። ያቺ ፊርማ ናት ሁሉም ነገር። እኛ ደግሞ እዚያች ፊርማ ላይ ስንደርስ አንድ ምክር ብቻ ነው ያለን፤ «ፈርምና ውጣ፣ ነገር አታንዛዛ፣ ሰው ሳይሰማ!»

ሰው ሳይሰማ። ገመናው እንዳይወጣ። ሥራው እንዳይቀር። አጎት የሚያውቀው አንድ ወረቀት የሚሞላ ሰውዬ «ምንም አይልህም» ብሏል። ቴክሳስ ያሉ ወዳጆቻችን ደግሞ «ዲፈርድ ነው፣ ፍርድ አይባልም» ይባላሉ። ለቴክሳስ እውነት ነው፤ ጊዜውን በሰላም ከጨረሰ ክሱ ይዘጋለታል። ለፌደራሉ ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው አንዳች ገደብ ከጣሉበት ፍርድ ነው። ከዓመታት በኋላ ለእናቱ ለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ኤርፖርት ላይ ይነቃበታል።

የሚያሳዝነው ይህን የመጠየቅ መብት በእጃችን መኖሩ ነው። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፓዲያ በኬንታኪ ላይ» በሚባለው ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው ፊርማው ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል መንገር ግዴታው ነው ብሏል። ሰውየው ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ ቪየትናም የዘመተ ነበር፤ ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ አታስብ» ብሎት ነው የፈረመው። መብቱ ተገኘ። እኛ ግን ለጠበቃችን «ዜጋ አይደለሁም» የምትለዋን ሐረግ እንኳ ለመናገር እናፍራለን!

«ባይሰርቅስ ኖሮ?»

የሚነሣውን ክርክር እናውቃለን። «ልጁ ባይሰርቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም፤ እናንተ ሌባ ልታባብሉ ነው?» ይሉናል ጋሼዎቻችን። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ አናልፈውም።

የሰረቀ ይጠየቅ። ዕቃው የተወሰደበት ባለሱቅም የኛው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስንቱ ወገናችን ነዳጅ ማደያና ግሮሰሪ እየሠራ ሌሊት ይዘረፋል? ቅጣት የለም አላልንም። ያልነው ቅጣት ልክ ይኑረው፣ ልኩም ይታወቅ ነው። ለአንድ ስልክ ሕጉ 6 ወር ካለ 6 ወር ይቀጣ። ግን ዳኛው ያልፈረዱትን፣ ዐቃቤ ሕጉ ያልጠየቀውን፣ ልጁም ያልሰማውን ከአገር መባረር በፊርማው ስር ደብቆ መስጠት ፍትሕ አይባልም። የኛ ዝምታ ደግሞ የዚያ ድብብቆሽ ተባባሪ ነው። «የሰረቀ ይቅመሰው» የሚል ሰው ስንት እንደሚቀምስ የማወቅ ግዴታ አለበት።

ሌላው ክርክር «እንግዳ አገር ነን፣ ሕጉን እኛ አላወጣነውም» የሚል ነው። ከመካከላችን ዜጋ የሆነው ስንት ነው? ድምፅ የሚሰጠው? የ364 ቀኗን ሕግ ያመጡት ምክር ቤታቸውን የወተወቱ ሰዎች ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ ሲደርስ ሬስቶራንቶቻችን ድረስ መጥተው እንጀራ እየጠቀለሉ ፎቶ የሚነሡ እጩዎች አሉ። ፎቶውን ተነሡ፣ ግን «12 ወሩን መቼ 364 ቀን ታደርጉልናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ለሬሳ የምናዋጣ ሰዎች

አንድ ነገር ብለን እንጨርስ። ዕድር አለን። በውጭ አገር የምንኮራበት ነገር ቢኖር ዕድራችን ነው። ሰው ሲሞት ሬሳውን አገሩ ለማድረስ በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ድንኳን ባይኖር አዳራሽ ይከራያል፣ ምግቡ ይደርሳል። ለሞተ ልጅ! በሕይወት ያለ ልጅ ከነነፍሱ ወደማያውቀው አገር ሊላክ ሲል ግን ለጠበቃ የሚያዋጣ ዕድር እስካሁን እኛ አላየንም። በወንጀል ክስ ለደሃ ጠበቃ መንግሥት ያቆማል፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ የማግኘት መብት የለም፤ ከኪስ ነው። ዕድሮቻችን በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን በዓመት አንድ ቀን አንድ የወንጀልና አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሕዝቡን ያስጠይቁ። ጎን ለጎን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ መልስ ነው።

እስከዚያው፣ ከእናንተ አንዱ ወይም ወንድማችሁ ያ ወረቀት ፊታችሁ ሲቀርብ አራት ነገር ጠይቁ። የተከሰስኩበት አንቀጽ ስንተኛ ክላስ ነው፣ ክላስ ከሌለውስ ከስንት እስከ ስንት ያስቀጣል? በገደብ የሚሰጠኝ ጭምር ስንት ወር ነው፣ ከአንድ ዓመት በታች ማድረግስ ይቻላል? ይህ ፊርማ በፌደራሉ ዘንድ ምን ተብሎ ይነበባል? ይህን የሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስካነጋግር ቀጠሮ ይሰጠኝ? አራተኛው ላይ አትፈሩ። ቀጠሮ መጠየቅ ወንጀል አይደለም፤ ምንም ክላስ የለውም።

አያቶቻችን እኮ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ለአንድ ክንድ መሬት ዓመታት የተሟገቱ ሰዎች ናቸው። በባዶ እግራቸው ወረዳ ከወረዳ እየዞሩ፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ዳኛው ፊት ቆመው «በሕግ አምላክ!» ያሉ። የነሱ የልጅ ልጆች ሄደን ሄደን ያላነበብነውን ወረቀት በሹክሹክታ ፈርመን የምንወጣ ሆንን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ለቅሶ ወይም ሠርግ አንዱ ጠጋ ብሎ «እገሌ እኮ ፌሎኒ አለበት» ሲላችሁ ከንፈራችሁን አትምጠጡ። «ስንተኛ? የት ስቴት? ጠበቃ አለው ወይ?» በሉት። ሦስተኛውን ጥያቄ ጠንከር አድርጉት። መልሱ «የለውም» ከሆነ ወሬው እዚያ ላይ ይቁምና መዋጮው ይጀመር።

ቸር ይግጠመን።